ጣዝማ በሯን ስትዘጋ

አባቴ ጣዝማ ሲፈልግ በደረቱ መሬት ላይ ይተኛል። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብልና ብርሃኑ ሣር ለሣር ሲሄድ አገጩን አፈር ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ጣዝማ እንደ ሌላው ንብ አይደለችም፤ አትናደፍም፣ ቀፎ አትገባም። ቤቷ ከመሬት በታች ነው፤ በሯም የእስክሪብቶ ቀፎ የማታክል ቀዳዳ ናት። ስትገባና ስትወጣ የምትታየው ፊትን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ለሚያይ ብቻ ነው፤ ያውም አቧራ መስላ። ከጉቶ ጊዳ እስከ አንገር ጉቲን መንገድ ድረስ ያቺን አቧራ ከአቧራ የሚለይ ሰው ማነው ብላችሁ ብትጠይቁ የሚነገራችሁ ስም አንድ ነው፦ ፉፋ። የኔ አባት።

እግዜር ደግሞ ቀልድ ያውቃል። ዓይኑን የያዘበት የዚህን ሰው ነው።

ግራ ዓይኑ ሳይነግረን ሄደ። ግላኮማ ይሉታል። ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ከልክ በላይ ይሆንና፣ ሳያም፣ ሳያቀላ፣ ከዳር ከዳር እየበላ ወደ መሃል ይመጣል። አባቴ ያወቀው ቀኝ ዓይኑ ውስጥ ጉድፍ ገብቶ ሲያሸው ዓለም በሙሉ ስትጠፋበት ነው። ነቀምቴ ወደ ዓይን ክሊኒክ ወሰድነው። የግራው እንዳለፈ፣ የቀኙም እንደ ጀመረው፣ የቀረውን ግን ማትረፍ እንደሚቻል ነገሩንና ጠዋትና ማታ የሚደረግ ጠብታ ሰጡት።

አባቴ ጠብታውን አንድም ቀን አላሳለፈም። ግፊቱ ግን አልወርድ አለ።

ቀጠሮው ደርሶ ስንመለስ የዓይን ክፍሏ ሲስተር ድርቤ መሣሪያዋን ወደ ዓይኑ አስጠግታ ለካች። ደግማ ለካች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣

"ኦቦ ፉፋ፣ ጠብታውን አያደርጉትም" አለችው።

"አደርጋለሁ።"

"ግፊቱ እንደዚያ አይልም።"

"ግፊቱ ምስክር ቆሞ ይምላል እንዴ?" አለ አባቴ።

እኔ ዝም ብዬ የምቀመጥ ዓይነት አይደለሁም። "ሲስተር፣ አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። በቃሉ ሰው ታርቆ ይገባል" አልኳት።

"እኔ ሽማግሌነታቸውን አልለካሁም፤ ዓይናቸውን ነው የለካሁት።" ካርዱ ላይ እየጻፈች ነበር፤ ቀና አላለችም። "በሚቀጥለው ቀጠሮ እንዲህ ሆነው ከመጡ ለኦፕራሲዮን ወደ አዲስ አበባ እንልክዎታለን። እስከዚያ ድረስ ከቀኙ የሚጠፋው ግን አይመለስም፤ ይሄን ልንገርዎት።"

ባጃጅ ውስጥ አባቴ አንድ ቃል ብቻ ነው የተናገረው፦ "ውሸታም።" እሷን እንዳልሆነ ገባኝ። እሷ እሱን ያለችውን፣ ወይም አለችኝ ብሎ የሰማውን፣ በአፉ እያመነዠከ ነበር። ያን ጊዜ ለራሴ ማልኩ። አባቴ ጠብታውን እያደረገ ግፊቱ ካልወረደ፣ ጠብታው የሚሄድበት ሌላ ቦታ አለ ማለት ነው፤ እኔም አገኘዋለሁ።

ሊሊሴ እባላለሁ። በነቀምቴ ገበያ ከእናቴ ጋር ማር እሸጣለሁ። ትምህርት ቤታችን በጸጥታው ችግር ተዘግቶ ሲከፈት ጓደኞቼ ተመለሱ፤ እኔ ጀሪካን ይዤ ገበያ ቀርቼ ነበር። አላለቀስኩም። በሩን ቢዘጉብኝ ፊደሉን አልቀሙኝም። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ከሚወጣው፣ ሰው ሁሉ ጨምድዶ ከሚጥለው ስስ ወረቀት ነው፤ በስልኬ መዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር ቀኑን ሙሉ እያላመጥኩ። ገበያው "ዶክተር ሊሊሴ" ይለኛል፤ ለማሾፍ ነው። እኔም "አቤት፣ የት ጋ ነው ያመመህ?" እላለሁ፤ ለማሾፍ አይደለም።

ስለ ቤታችን ቋንቋም ልናገር፣ ኋላ ባለጌ እንዳትሉኝ። እናቴ ወሰኔ በሰፈራው ዘመን ከወሎ ታዝላ አንገር ጉቲን የገባች ናት፤ አባቴ የዚሁ አገር ኦሮሞ ነው። በኛ ቤት ጸሎት በኦሮምኛ፣ ጠብ በአማርኛ ነው። አባቴን በኦሮምኛ "ኢሲን" ብዬ አከብረዋለሁ፤ በአማርኛ "አንተ" እለዋለሁ። ስለዚህ ስንጣላ አማርኛ ይመቸኛል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጠርሙሱን ነበር። መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ይሆናል ብዬ ቀዝቃዛ ቦታ አዛወርኩት። ወረቀቱን ሳነብ ግን እንደዚያ ቶሎ የሚበላሽ አልነበረም። የቀረው ሰውዬው ራሱ ነው። አባቴ ጠብታውን የሚያደርገው ጓሮ፣ ከቡናው ሥር ነው። "ሰው ሲያየኝ እጄ ይንቀጠቀጣል" ስለሚል ማናችንም አንጠጋም።

በማግስቱ ጠዋት ተጠጋሁ።

አንገቱን ቀና አድርጎ አንድ ጠብታ ለቀቀ። በደንብ ገባ፤ እኔ ራሴ እንደዚያ አላስተካክልም። እፎይ ብዬ ልመለስ ስል እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደ። ያወጣው የመርፌ መድኃኒት የነበረበት ትንሽ ብልቃጥ ነው፤ ውስጡ ጥቁር ቡኒ የጣዝማ ማር፤ ማሯንም ጣዝማ ነው የምንለው። የዶሮ ላባ ነከረበት፤ የታችኛውን የዓይኑን ሽፋን ገለጥ አድርጎ ቀባ። ጥርሱን ነክሶ "እስስስ" አለ። እንባው በጉንጩ ወረደ፣ አገጩ ላይ ተንጠባጠበ፣ የሸሚዙን ኮሌታ አራሰው። አባቴም ፈገግ አለ።

"አሁን ያዘ" አለ ለብቻው።

"አሁን ለቀቀ!" አልኩ ከቡናው መሃል።

"ያ ዋቅ! ሰላይ ነው እንዴ የወለድኩት?"

"ይሄንን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታደርገው?"

"ከመጀመሪያው።" ምንም አላፈረም። "ጠብታው እኮ ውሃ ነው ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። አያቃጥልም። ያላቃጠለ መድኃኒት የት አይተሻል? እሱ ይግባ ብዬ እታገሠዋለሁ፤ ከዚያ በጣዝማ እከድነዋለሁ። እንባው ደግሞ በሽታውን ጠርጎ ይወጣል።"

"አባ፣ የሚጠርገው መድኃኒቱን ነው።"

ሳቀ። "ለኔ ስለ ጣዝማ? አንቺ ሳትወለጂ በዚህች ላባ የስንቱን ዓይን አብርቻለሁ!"

"ያበራኸው ብጉንጅ ይሆናል። ይሄ ግላኮማ ነው።"

"ስሙን ስለጠራሽው ታውቂዋለሽ ማለት ነው?"

እናቴ ጩኸታችንን ሰምታ ከማጀት ወጣች፤ እጇ ሊጥ ነበር። "ወይ ጉዴ! በጠዋት ምንድን ነው እንዲህ?" ነገርኳት። የደገፈችኝ እንዳይመስላችሁ። "ታዲያ ጣዝማ ለዓይን አይሆንም ልትይ ነው? በካርቶን ጽፈን ሰቅለን? ሰው ምን ይለናል በሞቴ?"

ካርቶኑ እውነት ነው። በመደባችን ላይ "ንጹሕ ጣዝማ፤ ለሳል፣ ለቁስል፣ ለዓይን" የሚል ተንጠልጥሏል፤ ከታች ደግሞ በኦሮምኛ። ማርን ማር ብሎ የሚሸጥ ሞልቷል፤ የኛ ጣዝማ የሚፈለገው ለመድኃኒት ነው። በኛ አገር ደግሞ መድኃኒት የሚመዘነው በማቃጠሉ ነው። ቁስል ላይ ሲያርፍ ካላስጮኸ፣ ሲጠጣ ፊት ካላስጨማደደ፣ ሰው ተሸወድኩ ይላል። አባቴ ብቻውን አልተሳሳተም፤ ከነአገሩ ነው የተሳሳተው። እሱን ማሸነፍ ማለት አገሩን ማሸነፍ ሆነብኝ።

የጠብታውን ወረቀት ዘረጋሁ። እዚያ ላይ "ፒኤች" የሚል ነገር አለ፤ አንድ ፈሳሽ ምን ያህል እንደሚኮመጥጥ የሚለካበት ቁጥር ነው። መሃሉ ሰባት ነው። ከዚያ እየወረደ ሲሄድ ወደ ሎሚ፣ እየወጣ ሲሄድ ወደ አመድ ውሃ። የሰው እንባ ከመሃሉ ትንሽ ከፍ ይላል። ጠብታውን የሠሩት ሰዎች ለእንባ የቀረበ እንዲሆን አድርገው ነው ያስተካከሉት። ማርን ስልኬ ላይ ፈለግኩት፤ ወደ አራት ገደማ። ጣፋጩ አፋችንን ያታልለዋል እንጂ ማር ኮምጣጣ ነው። ዓይን ግን ምላስ ስለሌለው አይታለልም፤ ኮምጣጣ ሲነካው ያለቅሳል፤ ያለቅሳልም ማለት ያጥባል።

ይህን ይዤ ብቻዬን ወደ ሲስተር ድርቤ ሄድኩ። በሩ ላይ ስታየኝ፣

"ተሟጋቿ መጣች" አለች።

"መጣሁ። አባቴ ጠብታውን እያደረገ ነው፤ ከላዩ ላይ ግን ጣዝማ ይቀባበታል።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ጣዝማ?"

"በላባ።"

"ቅባት ይቀባሉ ወይ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። የሐበሻ መድኃኒት ይጠቀማሉ ወይ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ" አለች፣ ራሷን እየነቀነቀች።

"ጣዝማን የሐበሻ መድኃኒት አይለውም። ጣዝማ ነው የሚለው።"

ሳይታሰብ ሳቀች። እኔም ያነበብኩትን ስለ ኮምጣጣነትና ስለ እንባ ዘረዘርኩላት፤ እንደምታደንቀኝ እየጠበቅኩ። አላደነቀችኝም። "እንባው አንዱ ነው፤ ግማሹን ነው ያገኘሽው" ብላ ወንበር ሳበችልኝ።

ሌላውን ግማሽ ነገረችኝ። የዓይን የፊት ሽፋን ላዩ ቅባትነት አለው፤ ቅባት ደግሞ ቅባት የሚቀርበውን ነው የሚያሳልፈው። መድኃኒቱ ሁለት መልክ አለው፦ አንደኛው ኤሌክትሪክ የተሸከመ፣ ውሃ የሚወድ፤ ሁለተኛው ሸክም የሌለው፣ ቅባቱን አልፎ የሚገባ። ኮምጣጣ ነገር ሲጨመርበት መድኃኒቱ ሸክሙን ይሸከምና ውሃ ወዳዱ ይበዛል፤ የሚገባው ያንሳል። ውጭ የቀረውን ደግሞ እንባው ይዞት ይሄዳል።

"ታዲያ ጭራሽ ኮምጣጣ ያልሆነ፣ እንደ አመድ ውሃ የሆነ ጠብታ ለምን አይሠሩም?" አልኳት።

"እሱም ያቃጥላል። መድኃኒቱም ጠርሙሱ ውስጥ ሳለ ይበላሽ ይሆናል። መሃሉን ነው የሚፈልጉት፤ ጠርሙስ ውስጥ የሚቆይ፣ ዓይን የማያስቆጣ፣ ግን የሚገባ።" ከዚያ የራሷን ጣት በአፍንጫዋና በዓይኗ መሃል አድርጋ አሳየችኝ። "አንድ ጠብታ ይበቃል፤ ዓይን እሱንም ሙሉውን አይዝም። ከዚያ ይጨፍኑ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ይጫኑ፤ አለዚያ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። አይሹት።"

ልወጣ ስል፣ "አባቴን ውሸታም ብለሽዋል" አልኳት።

"አላልኩም። አያደርጉትም ነው ያልኩት።"

"ያው ነው።"

"ያው አይደለም" አለች። ተያየን፤ ሁለታችንም አልለቀቅንም። ደስ አለችኝ።

አባቴ ግን አልሰማም። "ሌላም ሴት ጨመርሽብኝ?" አለና ብልቃጡን ወደ ኪሱ መለሰ። በማግስቱም ከቡናው ሥር "እስስስ" ሲል ሰማሁት።

እንግዲያው ቤት ውስጥ ካልሆነ ገበያ ነው አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ኦቦ ጆቴ ወደ መደባችን መጣ። የአባቴ የልብ ወዳጅ ነው፤ በቤተ ክርስቲያንም አብረው ሽማግሌ ናቸው። "አከም ቡልተኒ" ተባባሉ፤ የከብቱ፣ የልጁ፣ የዝናቡ ሁሉ ደህንነት ተጠየቀ። ከዚያ፣

"ሊሊሴ፣ ጣዝማ ስጪኝ እስቲ። ባለቤቴ ዓይኗን ብዥ ብዥ እያላት ነው" አለ።

"ለሳል ከሆነ እሰጥሃለሁ፤ ለዓይን አልሸጥም ኦቦ ጆቴ።"

እናቴ ጭልፋውን ጣለች። አባቴ ከኋላ ከተቀመጠበት ተነሣ። "ምን አልሽ? ቅጂለት!"

"አልቀዳም።"

"የማነው ማሩ?"

"ማሩ ያንተ ነው። እጄ የኔ ነው።"

ሰው ሲጣላ ገበያ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ቲማቲም ሻጯ ዞረች፣ ተሸካሚው ጆንያውን አውርዶ ተቀመጠበት። ጎረቤታችን ሂሩት፣ የአሶሳ ከርከዴ፣ ያንን ቀይ የአበባ ሻይ፣ የምትሸጠው፣ "ዶክተር ዛሬ ኦፕራሲዮን ላይ ናት" አለች።

"ናት!" አልኩ። "አንቺም ረዳቷ ነሽ። ከርከዴሽን አምጪ።"

ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት። ከከርከዴው ውሃ በብርጭቆ ቀዳሁ፤ ደማቅ ቀይ ነው፣ በራሱ ኮምጣጣ ነውና። በሃይላንድ ካመጣሁት የጠለለ የአመድ ውሃ ጠብ ጠብ አደረግኩበት፤ ቀዩ እየጠፋ ወይን ጠጅ ሆነ። ሰው "አሃ!" አለ። በሁለት ብርጭቆ ከፈልኩት። "ይሄ ዓይን ውስጥ ያለው እንባ ነው በሉ። ይሄ ደግሞ የአባቴ ጠብታ።" በአንዱ ጠብታውን ለቀቅኩ፤ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። በሌላው አንድ ማንኪያ ጣዝማ በጥብጬ ጨመርኩ፤ ወይን ጠጁ ተመልሶ ቀይ ሆነ። ሁለቱንም ከፍ አድርጌ ያዝኩ። አሸነፍኩ ብዬ ነበር።

"እና?" አለ ኦቦ ጆቴ። "ማር ቀይ አደረገው። ያማረ ነው። እና?"

"የኔ ዓይን ከርከዴ አይደለም" አለ አባቴ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ሂሩት ብርጭቆዎቹን ተቀብላ "ማስታወቂያ ሠራሽልኝ፣ እግዜር ይስጥሽ" አለች።

ፊቴ ጋለ። ሌላ ሰው ቢሆን ጀሪካኑን ሰብስቦ ይሄድ ነበር። እኔ ወደ አባቴ ዞርኩ፤ ያን ጊዜ ያዘነበለ አንገቱን አየሁት። ግራ ዓይኑ ስለማያይ ሰው ሲናገር እንደ ዶሮ አንገቱን አዙሮ በቀኙ ይፈልጋል። አሁን የሚፈልገው እኔን ነበር፤ የቆምኩት ከፊቱ ሁለት ክንድ ርቄ ነው። ሳቁን ሁሉ ረሳሁት።

"አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስለ ዓይን አይደለም፤ ስለ ጣዝማ ነው።"

ስለ ጣዝማ ሲጠየቅ እምቢ ማለት አይችልም። "ጠይቂ።"

"በሯ ላይ ብትተነፍስባት ምን ታደርጋለች?"

"ትዘጋለች።"

"ጭስ ብትነፋባት?"

"ከውስጥ ትደፍናለች። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው፤ እንደ ሌላው ንብ ያጨሳታል። ከዘጋች በኋላ ያቺን ቀዳዳ ብትፈልግም አታገኛትም።"

"ታዲያ አንተ ማሯ ጋ እንዴት ትደርሳለህ?"

"በዝግታ ነዋ!" ድምፁ ለሰለሰ፤ እጁ ራሱ መቆፈር ጀመረ። "ሳላስቆጣት። ቀጭን ሰንበሌጥ በቀዳዳው እሰዳለሁ፤ ሰንበሌጡን ተከትዬ፣ አፈሩን በጣት በጣት..."

"ጠብታውን የሠሩት ሰዎች እንዳንተ ናቸው" አልኩት። "ዓይንን ሳያስቆጡ በቀዳዳው ሰንበሌጥ ሰድደዋል። አያቃጥልም ብለህ የናቅከው ለዚያ ነው ያላቃጠለህ። አንተ ደግሞ ከኋላ ከኋላቸው እየመጣህ ጭስ ትነፋለህ። ዘጋችብህ፣ አባ። በየቀኑ ጠዋትና ማታ ነው የምትዘጋብህ።"

አባቴ እጁን እንደ ዘረጋ፣ ሰንበሌጡን እንደያዘ ቀረ።

ልቡ እንደተነካ አይቻለሁ። አፉ ግን የፉፋ አፍ ነው። "እሺ" አለ። "እስከ ቀጠሮው ላባዋን አልነካም። ግፊቱ ካልወረደ ግን እዚችው ቦታ ላይ ቆመሽ 'ፉፋ ያውቃል፤ እኔ አላውቅም' ትያለሽ። ጮክ ብለሽ። ዶክተርነትሽም ያን ቀን ያበቃል።"

"ከወረደስ?"

"አይወርድም።"

"ከወረደስ፣ አባ?"

መልሱን ኦቦ ጆቴ ሰጠ። "ከወረደ፣ አንተ በገዛ እጅህ 'ለዓይን' የምትለዋን ከካርቶኑ ላይ ትቆርጣለህ። ምስክሩ እኔ ነኝ። ኤዬ?"

"ኤዬ" አለ አባቴ፣ ወደ ሌላ እያየ።

ኦቦ ጆቴ ጣዝማውን ለራሱ ሳል ገዛ። ባለቤቱን ሰኞ ክሊኒክ እንደሚወስዳት ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ ወዳጁ እንዳይሰማ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም ነበር። አባቴ ጠብታውን ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጣቱን በአፍንጫውና በዓይኑ መሃል ተክሎ፣ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል። ጎረቤት ሲያልፍ እየጸለየ መስሎት "አሜን" ብሎ ይሄዳል። እናቴ "ምን ሸተተህ?" ትለዋለች። እሱም በየቀኑ ያንኑ ይላል፦ "ምንም አይሰማኝም። ውሃ ነው።" ብልቃጡን ከኪሱ አላወጣም፤ አባቴ ፈተናን ኪሱ ውስጥ ይዞት ነው የሚዞረው። አንድም ቀን ፈትሼው አላውቅም። ቃል ሰጥቷል፤ በሲስተር ድርቤም ላይ የተቆጣሁት ለዚሁ ነበር።

ፈርቼ ነበር? እንዴታ! ጣዝማው ቀርቶም ግፊቱ አልወርድ ቢልስ? እንደዚያም ይሆናል፤ ሲስተር ራሷ ነግራኛለች። ያን ጊዜ ጮክ ብዬ የምለው ነገር አላስፈራኝም፤ ምላሴ ከባዱን ሁሉ ለምዷል። ያስፈራኝ ያ አንገቱ ነው፤ እየዞረ የሚፈልገኝ አንገት። ግን ፍርሃቴን ለማንም አላሳየሁም። በገበያ "ዶክተር፣ ቀጠሮው ደረሰ?" ሲሉኝ "ለአንተም ወረፋ ልያዝልህ?" እላለሁ።

በቀጠሮው ቀን ሲስተር ድርቤ ለካች። ደግማ ለካች። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን የዓይን ስዕል ማየት ጀመርኩ፤ ምንም አላየሁም።

"ኦቦ ፉፋ" አለች፤ "ወርዷል።"

አባቴ አንገቱን አዙሮ መሣሪያውን በቀኝ ዓይኑ መረመረው። ከዚያ፣ "መሣሪያሽ ተበላሽቶ እንዳይሆን" አለ።

"ያን ጊዜ የለካሁዎት በዚሁ መሣሪያ ነው።"

"ያን ጊዜም አላመንኩትም።"

ሳቀች፤ አሁን ለእሱ ነው የሳቀችው። እንዲህ ከቀጠለ ኦፕራሲዮኑ እንደማያስፈልግ፣ ጠብታው ግን ዕድሜ ልክ እንደሆነ፣ የጠፋው እንደማይመለስ፣ ያለው ግን እንደሚጠበቅ ነገረችው። እኔን በዓይኗ ጠቀስ አድርጋ ብቻ አለፈችኝ። ይበቃኛል። ደረጃው ላይ ስንደርስ አባቴ ከኪሱ ብልቃጧን አወጣና ሳያየኝ እጄ ላይ አኖራት። "ለጉሮሮሽ" አለ። "ስትጮሂ ነው የከረምሽው።"

ቅዳሜ፣ ኦቦ ጆቴ ቆሞ እያየ፣ አባቴ በማር መቁረጫው ቢላ "ለዓይን" የምትለዋን ከካርቶኑ ላይ ቆርጦ አወጣት። አልተናገረም። ሰው እልል እንዲል ጠብቄ ነበር፤ ሂሩት ብቻ አጨበጨበች፤ እሷም ከርከዴ ለመሸጥ ነው። ከዚያ አንዲት ሴት መጥታ ለልጇ ዓይን ጣዝማ ስትጠይቅ አባቴ ደረቱን ነፋ።

"እህቴ፣ ዓይን ማለት እንደ ጣዝማ በር ነው። ካስቆጣሽው ይዘጋል። የሚያቃጥል ነገር ካገኘ መድኃኒቱን በእንባ ያጥበዋል። ልጅሽን ወደ ክሊኒክ!"

"ይሄን ማን ነገርዎት አባባ?" አለች ሴትየዋ በአድናቆት።

"ዕድሜ ልኩን ጣዝማ የቆፈረ ሰው ይነገረዋል እንዴ?"

"እኔ ነኝ የነገርኩት!" አልኩ፤ እስከ ጫማ ተራው ሳይሰማ አልቀረም።

"ስለ ጣዝማ በር ለአንቺ የነገረሽ ማነው?" አለ አባቴ።

ስለ በሩ እሱ ነው። ስለ ዓይኑ ግን እኔ ነኝ፤ ይሄንንም ለማንም አለቅም። የጻፍኩት ለዚሁ ነው።

በዚያው ሳምንት፣ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል፣ ጠራኝ። ከእርሻው ዳር በደረቱ ተኝቶ ነበር። ከጎኑ ተኛሁ፤ አገጬን አፈር ላይ አደረግኩ። ብርሃኑ ሣር ለሣር ይመጣል።

"አየሻት?"

"የታለች?"

"ከደረቀችው ቅጠል በስተቀኝ። ገባች! ሌላዋ ወጣች። አየሽ?"

"አቧራ ነው።"

"ሁለት ደህና ዓይን ይዘሽ!" አለ፤ ድምፁ ውስጥ የነበረውን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። "ትንፋሽሽን ያዢ፤ እንዳትዘጋብን።"

ትንፋሼን ያዝኩ። ምንም አላየሁም። አየሁ ብለው ደስ ይለው ነበር፤ ግን ባላየሁት አልምልም። ብርሃኑ እየቀላ፣ ጥላው እየረዘመ ሄደ። አባቴ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ።

"ተነሺ፣ ልትጠልቅ ነው።"

"አልነሣም።"

"ነገ ታይያታለሽ፣ ማሎ፣ እባክሽ!"

"አንተ በአንድ ዓይን ያየሃትን እኔ በሁለት ሳላያት አልነሣም" አልኩ፣ አገጬ አፈር ላይ እንዳለ።

ከዚያ እያጉረመረመ ተመልሶ ከጎኔ ተኛና አንገቴን በእጁ ያዝ አድርጎ ወደ ብርሃኑ አዞረው።